ምላጩን ማን ሰጠን? የሴት ልጅ ግርዛት ባህላዊና ሃይማኖታዊ ምክንያቶች በታሪክ ሲታዩ



በወላይታ የምንኖር እናቶች ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ስንወያይ ጉዳቱ ብዙ አያከራክረንም። ደሙን፣ ቁስሉን፣ በወሊድ ጊዜ የሚመጣውን ጭንቅ ብዙዎቻችን በገዛ ገላችን እናውቀዋለን። ክርክሩ የሚነሳው "ታዲያ እናቶቻችን ያለ ምክንያት አደረጉት?" ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ያኔ አንዷ "ባህላችን ነው" ትላለች። ሌላዋ "በመጽሐፉም አለ" ትላለች። ሌሎቻችን ዝም እንላለን። ዝምታ ደግሞ እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው። በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች አንድ ልማድ አለን፤ ወጪ የተባለ ሁሉ ደረሰኙ ይጠየቃል። "ድሮም እንዲህ ነበር" የሚል ቃል ደረሰኝ አይሆንም። ግርዛትም ከሴት ልጆቻችን ገላ ላይ የሚወጣ ወጪ ነውና፣ ምክንያት ተብለው የተነገሩንን አንድ በአንድ አንስተን ደረሰኛቸውን እንፈልግ።

ከሃይማኖቶቹ በፊት የነበረ ልማድ

ብዙ ሰው ግርዛት ከክርስትና ወይም ከእስልምና ጋር የመጣ ይመስለዋል። ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። በግብፅ አገር ሜምፊስ በተባለች ከተማ የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ163 ዓመት የተጻፈ የፓፒረስ ሰነድ አለ። ነገሩ የገንዘብ ክርክር ነው። አንዲት እናት ልጇ በግብፃውያን ልማድ የምትገረዝበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች፣ ከዚያም ልትዳር ነው፣ ልብስና ጥሎሽ ያስፈልጋታል ብላ በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ ትወስዳለች። የተባለው ሳይፈጸም ሲቀር ባለአደራው ለባለሥልጣን አቤቱታ ያቀርባል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ወረቀት ላይ ግርዛት፣ ጋብቻና ገንዘብ በአንድ መስመር ተሰልፈው እናያቸዋለን። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በክርስቶስ ልደት ዘመን ገደማ የኖረው ግሪካዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦም ግብፃውያን ወንዶችንም ሴቶችንም እንደሚገርዙ ጽፏል። በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች ሴቶቻቸውን እንደሚገርዙም ጠቅሷል። ይህ ሁሉ ሲሆን እስልምና ገና ስድስት መቶ ዓመት ይቀረው ነበር፤ የክርስትና ስብከትም ወደ አገራችን አልደረሰም። ስለዚህ ልማዱ ከሁለቱም በዕድሜ ይበልጣል። ሃይማኖቶቹ ሲመጡ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አገኙት እንጂ ይዘውት አልመጡም።

በአገራችን የተጻፈው

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ቆይቶ ያየውን ጽፏል። ግርዛትን ማንም ሰው ያለ ምንም ሥርዓተ ጸሎት እንደሚፈጽመው፣ ሰዎቹ ግን በመጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው እንደሚሉ ይተርካል። አያይዞም ሴቶችም እንደሚገረዙ፣ ይህ ግን በብሉይ ሕግ እንደሌለ አስተውሏል። ልብ እንበል፤ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት የመጣ እንግዳ መጽሐፉን ከልማዱ ጋር ሲያስተያይ ለሴት የሚሆን ትእዛዝ አጣ።

የልብነ ድንግል ልጅ ዐፄ ገላውዴዎስም እ.ኤ.አ. በ1555 ለካቶሊክ ሚስዮናውያን መልስ የሰጠበት የእምነት መግለጫ በታሪክ የታወቀ ነው። ኢትዮጵያውያን ይሁዲነት ይከተላሉ ተብለው ሲከሰሱ፣ ንጉሡ ግርዛት የሚፈጸመው እንደ ኦሪት ሕግ ሳይሆን እንደ አገር ልማድ መሆኑን አስረዳ። በኑቢያና በኢትዮጵያ ፊት ላይ ከሚደረግ ብጣትና ሕንዶች ጆሯቸውን ከመብሳታቸው ጋር አመሳሰለው። በግርዛት ጉዳይ ላይ የራሳችን ንጉሥ በራሳችን ቋንቋ "ልማድ ነው" ብሎ ከፈረመ ከአራት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

በጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ነገር ያወሳል። በግብፅ የነበሩ የካቶሊክ ካህናት አማኞቻቸው ሴት ልጆችን እንዳይገርዙ ከለከሉ። ልጃገረዶቹ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ግን የሚያገባቸው ጠፋ፤ ወንዶቹ ከሌላ እምነት ያሉትን የተገረዙ ሴቶች መረጡ። በመጨረሻ ክልከላው ተነሣ ይላል ብሩስ። ቤተ ክርስቲያን ከልማዱ ጋር ታግላ ተሸነፈች፤ ያሸነፋትም የጋብቻ ገበያ ነው።

የወላይታ ምስክርነት

ይህን ለመረዳት ግብፅ ድረስ መሄድ የለብንም። የወላይታ የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1894 የካዎ ጦና መንግሥት በዐፄ ምኒልክ ጦር ከተሸነፈ በኋላ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በአካባቢያችን በዙ። እ.ኤ.አ. በ1928 የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ሶዶ ደረሱ፤ በ1933 የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች ተጠመቁ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1937፣ ሚስዮናውያኑ አገር ለቀው ሲወጡ አማኞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን በሺዎች ተገኙ። የካቶሊክ እምነትም በየወረዳው ሥር ሰደደ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ከዞናችን ነዋሪ ከአሥር ሰው ሰባት ያህሉ ፕሮቴስታንት ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ አያቶቻችን ሃይማኖታቸውን ለወጡ። ለቀድሞው አምልኮ ይሠዉት የነበረውን ተዉ። የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ የሐዘኑን ሥርዓት ሳይቀር የለወጡ ብዙ ናቸው። ምላጩ ግን አልተለወጠም። በቀድሞው እምነት ጊዜ ነበረ፣ በኦርቶዶክስ ቤት ነበረ፣ በወንጌላዊ ቤትም ቀጠለ። ልማዱ የሃይማኖት ልጅ ቢሆን ኖሮ ከወላጁ ጋር አብሮ በወጣ ነበር።

የአገሪቱ ቁጥርም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል 65 በመቶ የተገረዙ መሆናቸውን መዝግቧል። ከሙስሊም ሴቶች 82 በመቶ፣ ከፕሮቴስታንት 66 በመቶ፣ ከኦርቶዶክስ 54 በመቶ ነበሩ። አንድም እምነት ነፃ የለም። በሌላ በኩል ኦርቶዶክስ በሚበዛባቸው በትግራይ 24 በመቶ ሲሆን በአማራ 62 በመቶ ነው። አንድ እምነት፣ አንድ መጽሐፍ፣ ግን ቁጥሩ እጥፍ ድርብ ይለያያል። ሙስሊም በሆኑት በሞሮኮና በአልጄሪያም ይህ ልማድ የለም። በቁርኣን ውስጥ የሴት ልጅ ግርዛት አልተጠቀሰም፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 17 የተሰጠው ትእዛዝም ለወንዶች ብቻ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ግርዛት ለክርስቲያን ግዴታ አለመሆኑን ደጋግሞ አስተምሯል። ሆኖም በዚያው ጥናት ከአራት ሴቶች አንዷ ያህል ሃይማኖቷ ግርዛትን እንደሚያዝ ታምን ነበር። ስለዚህ ፓስተሮቻችን፣ ቄሶቻችንና ሼኾቻችን ዝም ሲሉ ዝምታቸው እንደ ትእዛዝ ይሰማል ማለት ነው። በየቤተ እምነቱ በግልጽ እንዲናገሩ መጠየቅ የኛ ድርሻ ነው።

ባህሉ የሰጣቸው ምክንያቶች

ሃይማኖት ምክንያቱ ካልሆነ ባህሉ ምን ይላል? በአገራችን በየአካባቢው የሚነገሩት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ያልተገረዘች ልጅ ዕቃ ትሰብራለች፣ ዓይን አውጣ ትሆናለች፣ ከቤት አትቀመጥም ይባላል። ንጹሕ አይደለችም፣ ያበሰለችው አይበላም የሚሉም አሉ። ለባሏ አትታመንም፣ ድንግልናዋን አትጠብቅም ይባላል። መውለድ ይከብዳታል የሚሉም ሞልተዋል።

እነዚህን አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው እርስ በርስ አይስማሙም። በአማራ ክልል ልጅቷ በተወለደች በቀናት ውስጥ ትገረዛለች። በእኛ በደቡቡ ግን ብዙውን ጊዜ ነፍስ ካወቀች በኋላ፣ ወደ ጉርምስናና ወደ ጋብቻ ስትጠጋ ነው፤ ቅቤና ገንፎ እየበላች፣ ከሥራ አርፋ፣ አዲስ ልብስ ተገዝቶላት። በሶማሌና በአፋር ደግሞ መስፋትም አለበት። ግርዛት ልጅነትን ትታ ሴት የምትሆንበት በር ነው ካልን፣ የስምንት ቀን ሕፃን የትኛውን በር ታልፋለች? ዕቃ እንዳትሰብር ነው ካልን፣ በአሥራ አራት ዓመቷ እስክትገረዝ ድረስ የእናቷን እንስራ በደኅና ስታመላልስ የኖረችው እንዴት ነው? ምክንያቱ በየአገሩ ሲለያይ ድርጊቱ ግን አንድ ነው። ይህ የሚያሳየው ድርጊቱ ቀድሞ ምክንያቱ በኋላ እንደተሰፋለት ነው።

ወሊድ ይቀላል የሚለው ደግሞ በቀጥታ ተመርምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28 ሺህ በላይ ወላዶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ የተገረዙ ሴቶች በወሊድ ጊዜ ለቀዶ ሕክምናና ለብዙ ደም መፍሰስ ይበልጥ እንደሚጋለጡ፣ ሕፃናቱም ለሞት ይበልጥ እንደሚጋለጡ አረጋግጧል። ምላጩ በከፋ ቁጥር ጉዳቱም ይከፋል። ተስፋ የተሰጠን ማቅለል ነበር፤ የተገኘው ማክበድ ነው።

እንግዲህ ከሁሉም በታች የሚቀረው አንድ ምክንያት ነው፤ እሱም ጋብቻ ነው። "ያልተገረዘች ማን ያገባታል?" ይህ ጥያቄ የሜምፊሷ እናት ጥያቄ ነው፤ ብሩስ የጻፈላቸው ልጃገረዶች ጥያቄ ነው፤ የእናቶቻችንም ጥያቄ ነው። እናቶቻችን ጨካኞች ስለነበሩ አይደለም ያደረጉት። ሴት ልጅ በስሟ መሬት ባልነበራት፣ ትምህርት ቤት ባልነበረበት፣ ደመወዝ በማይታሰብበት ዘመን ባል ማጣት ማለት ማሳ፣ ጎጆና ጧሪ ማጣት ነበር። እናት ለልጇ ያላት ብቸኛ ዋስትና ጋብቻ ከሆነ፣ የጋብቻው መግቢያ ዋጋ ምንም ቢሆን ትከፍላለች። ለዚህ ነው ማስፈራራትና ማዋረድ ብቻውን ያልሠራው። ዋጋውን ማንም ብቻውን መተው አይችልም ነበር፤ ብቻውን የተወ ቤተሰብ የራሱን ልጅ ይጎዳል።

ሲተዉት እንዴት ተዉት?

ይህን ለማስቆም አገራችን ያደረገችው ትንሽ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ከጎጂ ልማድ ተጽዕኖ የመላቀቅ መብት እንዳላቸው ሠፍሯል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ሴትን የገረዘ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ፣ በአንቀጽ 566 ደግሞ የሰፋ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። ተባባሪ ወላጅም ተጠያቂ ነው። ጥር 29 ቀን ዓለም በሙሉ የሚያስበው ፀረ ግርዛት ቀንም የታወጀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገ ጉባኤ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረን ግን ጎረቤታችን ከምባታ ነው። የከምባታ ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ በልጅነቷ ተገርዛ፣ ከአካባቢዋ ሴቶች ቀድማ ተምራ፣ ውጭ አገር ደርሳ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት አቋቋመች፤ ትርጉሙ የከምባታ ሴቶች በአንድነት ማለት ነው። ሕዝቡ ከሁሉ በፊት የጠየቃት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ እናቶች ወደ ገበያ የሚሻገሩበትን ድልድይ ነበር። እሱን አብረው ሠሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው፣ ገራዧ፣ ወጣቱና እናቲቱ በአንድ ላይ ተቀምጠው ሳምንት ከሳምንት የተነጋገሩት። ማንም ፖስተር ለጥፎ አልሄደም።

እ.ኤ.አ. በ2002 በዱራሜ አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ቆመች፤ ሙሽራውም በዚህ ደስተኛ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አንጠልጥሎ ነበር። ወደ ሁለት ሺህ ሰው መጥቶ አየ። ከዚያ ቀን በኋላ "ማን ያገባታል?" ለሚለው ጥያቄ በዓይን የታየ መልስ ተገኘ። በዩኒሴፍ የተደገፈ ጥናት እንዳሳየው ልማዱን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ይደግፍ የነበረበት አካባቢ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ደጋፊው ጥቂት መቶኛ ብቻ ሆነ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ዐርፋለች፤ ሥራዋ ግን አላረፈም።

በሩቅ አገር በቻይናም የሴት ልጆችን እግር አጥብቆ የማሰር ልማድ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል፤ ምክንያቱም ያው ጋብቻ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤተሰቦች ማኅበር እየመሠረቱ ሁለት ቃል ገቡ፤ የሴት ልጃችንን እግር አናስርም፣ ወንድ ልጃችንንም እግሯ ለታሰረ ሴት አንድርም አሉ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ገደማ ልማዱ ተንኮታኮተ። የቁልፉ ቦታ ሁለተኛው ቃል ነው።

ቀሪው ሂሳብ

የለውጡ አቅጣጫ ጥሩ ነው። በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ ሴቶች 80 ነበሩ፤ በ2005 ወደ 74፣ በ2016 ወደ 65 ወርዷል። በ2016 ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 49 ከሆኑት 75 በመቶ የተገረዙ ሲሆን ከ15 እስከ 19 ካሉት ግን 47 በመቶ ናቸው። የባልና ሚስት ስም በጋራ የሠፈረበት የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የሴት ልጅ ትምህርት፣ እንደኛ ያለው የቁጠባ ቡድን፣ እነዚህ ሁሉ የጋብቻን ዋስትና ብቸኛ እንዳይሆን አድርገዋል። የእናት ሂሳብ ሲለወጥ ውሳኔዋም ይለወጣል።

ይሁን እንጂ 47 በመቶ ማለት ከሁለት ልጆች አንዷ ያህል ነች። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ላይ በተደረገው ጉባኤ እስከ 2025 ልማዱን ለማጥፋት ቃል ገብቶ ነበር፤ ያ ዓመት መጥቷል፤ ምላጩ ግን ከየቤቱ ጨርሶ አልወጣም። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ድግሱ ቀርቶ ድርጊቱ ሌሊት፣ በዘመድ ቤት፣ ያለ እልልታ የሚፈጸምበት ቦታ አለ። ድብቅ ሲሆን ደግሞ የደማች ልጅ ቅጣት በመፍራት ወደ ጤና ጣቢያ ሳትሄድ ትቀራለች።

ስለዚህ በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሦስት ነገሮች ለውይይት እንዲቀርቡ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ሴት ልጅ ያለን ብቻ ሳንሆን ወንድ ልጅ ያለን እናቶችም ቃል እንግባ። እስከ አሁን ሥልጠናው ሁሉ ለሴት ልጅ እናት ነው። ምላጩን የሚያዘው ግን የአማት ቤት ነው። "ለልጄ ሙሽራ ስፈልግ ግርዛት አልጠይቅም፣ ያልተገረዘችዋን በደስታ እቀበላለሁ" ብለን በቃለ ጉባኤ ላይ ስማችንን አስፍረን እንፈርም። አንዲት ሴት ብቻዋን ብትፈርም ትሰደባለች፤ ቀበሌው ሙሉ ቢፈርም ስድቡ አፍ ያጣል።

ሁለተኛ፣ ከማኅበሩ ሣጥን የሚወጣ ብድር ለዚህ ድርጊት የሚሆን ድግስ ላይ እንዳይውል በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። በሌላ በኩል ሙያው አድርገው የኖሩ ገራዥ እናቶች ሥራውን ትተው ወደ ንግድ ለመግባት ሲመጡ በሩ አይዘጋባቸው። እነሱም በምላጩ የተነኩ ሴቶች ናቸው።

ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። በየሩብ ዓመቱ በሪፖርታችን ላይ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት በራሪ ወረቀት ተሠራጨ የሚል ሠንጠረዥ እንሞላለን። ከእንግዲህ አንድ ረድፍ እንዲጨመርልን እንጠይቃለን፤ በዓመቱ ውስጥ ስንት ያልተገረዙ ሙሽሮች በእልልታ ተዳሩ የሚል። ለውጡ የሚለካው እዚያ ላይ ነው።

በመጨረሻም የተገረዝን እህቶች ሁሉ ይህን እንያዝ። የሆነብን ነገር የእኛ ኃጢአት አይደለም፤ የእናቶቻችንም ጥላቻ አልነበረም። እነሱ በነበራቸው ዕውቀትና በነበረባቸው ፍርሃት ከፈሉ። እኛ ግን ደረሰኙን አገላብጠን አይተናል፤ ሃይማኖት አልፈረመበትም፣ ጤና አልፈረመበትም። የቀረው ፊርማ የእኛው ብቻ ነው፤ እሱንም በሚቀጥለው ጉባኤ በሌላ ወረቀት ላይ ልናኖረው እንችላለን።